መጽሐፍ ቅዱስን በጉባኤ ማንበብ፦ ዘሌዋውያን ላይ ለቆማችሁ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በአንድ አጥቢያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልጋይ ነኝ። 90 ያህል ምእመናን አሉን። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት አብረን አንብበን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ጀመርን። ሁለቱንም ጊዜ ዘሌዋውያን ላይ ቀረን። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና እንጀምር ይላሉ። ሕዝቡ ግን ተሰላችቷል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም አሉን። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንዳነበብኩ ወረቀት አወጣሁና ደመርኩ። ዘፍጥረት 50 ምዕራፍ ነው። ዘጸአት 40። አንድ ላይ 90። በቀን ሦስት ምዕራፍ ካላችሁ፣ መስከረም 1 የጀመረ ሰው መስከረም 30 ማታ ዘጸአትን ይዘጋል። ጥቅምት 1 ዘሌዋውያን ምዕራፍ 1 ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። የአዲስ ዓመቱ ሞቅታ አልፏል። ትምህርት ቤት ተከፍቷል፣ ወጪው በዝቷል፣ ሥራው ተጧጡፏል። ሰውየው ማታ ደክሞት ይገባና ስለ ስብና ስለ ኩላሊት ሦስት ምዕራፍ ብቻውን ያነባል። በማግስቱም ሦስት። እዚያ መቆማችሁ አልገረመኝም። ብዙ አጥቢያዎችን በዚህ ጉዳይ ረድቻለሁ፤ አብዛኞቹ የቆሙት እዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሕዝቡን ሰነፈ አትበሉት። ሽማግሌዎቹም እንዲህ እንዳይሉ አደራ። ችግሩ ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። «አብረን እናንብብ» ብላችሁ ለ90 ሰው 90 የቤት ሥራ ሰጣችሁ። የጋራ የነበረው ሰንጠረዡ ብቻ ነው። ንባቡ ግን የየግል ነበር። ማንም የማንንም ድምፅ አልሰማም።

ይህን የምለው ራሴም ስላጠፋሁ ነው። ከዓመታት በፊት በማገለግልበት አጥቢያ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። የሁሉም ስም አለበት። ያነበበ ምልክት ያደርጋል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ። ከጸሎት ስብሰባ ቀርተው አያውቁም። ስማቸው ፊት ለፊት ያለው መስመር ግን ባዶውን ስድስት ሳምንት ተንጠለጠለ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እጄን ያዙና ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ስሜን ከዚያ አውጣልኝ» አሉኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሌላ ምንም አላሉም። የዚያን ቀን ሰንጠረዡን አወረድኩት። ከዚያ በኋላ የትም ሰቅዬ አላውቅም።

እናንተም እናቶች አሉን ብለሻል። መልሱን ከእነሱ ጀምሪ። እነሱን የሚያካትት አካሄድ ሌላውንም ሁሉ ያካትታል።

እስቲ አስቢው። መጽሐፍ ቅዱስ በተጻፈበት ዘመን በየቤቱ መጽሐፍ ያለው ሰው አልነበረም። ቃሉ የሚደርሰው በጆሮ ነው። ጳውሎስ የተሰሎንቄ ሰዎችን መልእክቱ ለወንድሞች ሁሉ እንዲነበብ በጌታ ያምላቸዋል። የቆላስይስን መልእክት ደግሞ እናንተ ጋ ከተነበበ በኋላ በሎዶቅያም ይነበብ ይላል። ራእይ 1፥3ን አውጪና ልብ ብለሽ እዪው። «የሚያነበው» ይልና «የሚሰሙት» ይላል። አንባቢው አንድ ነው፣ ሰሚዎቹ ብዙ ናቸው። ብፁዓን የተባሉት ግን ሁሉም ናቸው። እኚያ እናት ይህ ብፅዕና ይደርሳቸዋል። የእኔ ሰንጠረዥ ነው ያስቀራቸው።

የእኛው አገር ጃንደረባም ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ የሚያነበው ድምፁን አውጥቶ ነው። ፊልጶስ የሰማው ለዚህ ነው። በልቡ ቢያነብ ኖሮ ፊልጶስ አጠገቡ ሮጦ ያልፍ ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሮም የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጽ የሐዋርያት ማስታወሻዎች ወይም የነቢያት ጽሑፎች ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ይነበባሉ ይላል። ሰዓቱን ያየው ለስብከቱ ሳይሆን ለንባቡ ነው። በኦርቶዶክስ ቅዳሴም እስከ ዛሬ ከጳውሎስ፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል። ከዚያ ምስባክ፣ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠ ጥቅስ ማለት ነው፣ ይሰበካል፣ ወንጌል ይነበባል። የየቀኑን ንባብ የሚወስነው ግጻዌ ነው። ዳዊት በየሳምንቱ ቀን ከፍሎ መድገምም ያለ ነው። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ጉዳይ ከጎረቤቶቻችን የምንማረው አለ ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ስብከታችን ረዝሞ ንባባችን አጥሯል። አንዳንድ እሑድ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰብኮ የተነበበው ሁለት ቁጥር ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ አካሄዱ ልግባ።

የአንድ ዓመቱን ነገር ተዉት። 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ አላቸው። ይህን በሁለት ዓመት አድርጉት። በቀን ሁለት ምዕራፍ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። በሳምንት 12 ይሆናል። በ99 ሳምንት 1,188 ምዕራፍ ታነባላችሁ። አንድ ይተርፋል። ያን አንዱን፣ ራእይ 22ን፣ በመጨረሻው እሑድ ሁላችሁም ቆማችሁ በአንድ ድምፅ አንብቡት። ሁለት ዓመት 104 ሳምንት ስለሆነ አምስት ሳምንት ትርፍ አላችሁ። ሁለቱን ለጳጉሜን ሰሞን፣ የቀሩትን ለገናና ለፋሲካ አውሏቸው። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ አይነበብም። ያለፈው ይወራል፣ ይዘመራል፣ ማዕድ ይቀርባል።

ሁለት ዓመት ረዘመ የሚል ሽማግሌ ይኖራል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሞክረን ዘሌዋውያንን አላለፍንም በሉት፣ በትሕትና።

ዋናው ግን ቁጥሩ አይደለም። ዋናው እሑድ ነው። ከሳምንቱ 12 ምዕራፎች አንዱ ሙሉውን እሑድ በጉባኤ ይነበብ። ሳይቆራረጥ። የእሑዱ ስብከትም ከዚያው ሳምንት ንባብ ይሁን። ይህች አንዷ ነገር ካልሆነች ሌላው ሁሉ አይቆምም። ሰው ሰኞ ያነበበውን እሑድ ካልሰማ ንባቡና ቤተ ክርስቲያኑ ይለያዩበታል። ሰባኪዎቻችሁ ርዕስ መምረጥ ለምደዋልና ይህ ሊከብዳቸው ይችላል። ቀድማችሁ አነጋግሯቸው። በወር አንድ ማታ ደግሞ አንድ አጭር መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ይነበብ። ሩት 4 ምዕራፍ ነው። ዮናስ 4። ፊልጵስዩስ 4። ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ሩት አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰንጠረዡን ካወረድኩ በኋላ የሞከርነው የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነበር። ረቡዕ ማታ ነው። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ታነባለች። ምዕራፍ 1 መሐል ላይ መብራት ጠፋ። አንዱ ወንድም የስልኩን መብራት አበራላት። ልጅቷ ቀጠለች። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ባዶዋን ወደ ቤተ ልሔም ትመለሳለች። «ማራ በሉኝ እንጂ ኑኃሚን አትበሉኝ» የሚለው ጋ ደረሰች። ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ «እኔንም» አለ። እኚያ እናት ነበሩ። እሳቸውም ልጅ ቀብረዋል። ልጅቷ ንባቡን አቆመች። ማንም አልተናገረም። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው «ቀጥይ ልጄ፣ መጨረሻውን ልስማ» አሏት። ምዕራፍ 4 ላይ ጎረቤቶቿ ሕፃኑን «ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት» ሲሉ ምን እንዳደረጉ አልነግርሽም። እሱ የእሳቸው ነው። እኔ ግን መጽሐፉን ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ፣ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከየት እንጀምር ለሚለው፣ በእኔ ምርጫ ከማርቆስ። መስከረም የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ማርቆስን በአንድ ቁጭታ ጨርሱት። 16 ምዕራፍ ነው። ረጋ ተብሎ ቢነበብ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሕዝቡ አንድ መጽሐፍ «ጨረስን» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ አቋርጦ ለተሰላቸ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ዘፍጥረትና ዘጸአት። መዝሙረ ዳዊትን ግን በተርታ አታንብቡት። 150ውን በአንድ ረድፍ ካደረጋችሁት ሦስት ወር ይወስዳል። መዝሙሮቹም ይደበዝዛሉ። አንድ መጽሐፍ ባለቀ ቁጥር ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ አስገቡት።

አሁን ዘሌዋውያን። 27 ምዕራፍ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን አይሞላም። እኔ ከምወዳቸው መጻሕፍት አንዱ ነው፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ መጽሐፍ ከብዙ ሕዝብ የቀረበ ጆሮ አለን። ሥጋውን ከሱቅ ታሽጎ ብቻ ለሚያውቅ ሰው «ፍርምባ» የሚለው ቃል ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የኛ ሰው በዓል በመጣ ቁጥር በግ ሲገፈፍ ያያል። ስቡን፣ ኩላሊቱን፣ ፍርምባውን ያውቃል። ደሙ መሬት ላይ ሲፈስ አይቷል። ምዕራፍ 1ን ስታነቡ በጉባኤው ውስጥ በግ ማረድ የሚችል አንድ አባት አስነሡና ጠይቁት። መሥዋዕቱን ያመጣው ሰው እጁን በእንስሳው ራስ ላይ ጭኖ እሱው ያርደዋል ይላል ጽሑፉ። ካህኑ ደሙን ይቀበላል። የሞቀ እንስሳ ራስ ላይ እጅን መጫን ምን እንደሚመስል ያ አባት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግራችኋል።

ምዕራፍ 12ን ከሉቃስ 2 ጋር በአንድ እሑድ አንብቡት። የወለደች ሴት ጠቦት ታመጣለች። ለጠቦት እጇ ካጠረ ሁለት ርግብ ይበቃል። ከዚያ ማርያምና ዮሴፍ ወደ መቅደስ ሲመጡ ምን ይዘው እንደመጡ ከሉቃስ ስሙ። ርግብ ነው። የጌታችን ቤተሰብ ያቀረበው የድሃ መሥዋዕት ነበር። ይህን በስብከት ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለቱን ተከታትሎ ያነበበ ጉባኤ ራሱ «አሃ» ይላል። ምዕራፍ 16ን፣ የማስተሰረያውን ቀን፣ ከዕብራውያን 9 ጋር አድርጉት። ምዕራፍ 19 ላይ ባለ እርሻው ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ ይተው የሚለው ሕግ አለ። ሩትን ቀድማችሁ ከሰማችሁ፣ ያች ሞዓባዊት የቦዔዝ እርሻ ላይ የቃረመችው በዚህ ሕግ እንደሆነ ሕዝቡ ይይዘዋል።

ዘኍልቍ 7 ደግሞ ሌላው የሚያስፈራ ቦታ ነው። 89 ቁጥር አለው። አሥራ ሁለት አለቆች በአሥራ ሁለት ቀን ያንኑ አንድ ዓይነት ስጦታ ያመጣሉ። ጽሑፉም አሥራ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። ብቻውን የሚያነብ ሰው ይዘለዋል። እናንተ ግን አሥራ ሁለት አንባቢ አቁሙ። ከየቤተሰቡ አንድ። እያንዳንዱ የአንዱን ነገድ ያንብብ። አምስተኛው ሰው ላይ ስትደርሱ መደጋገሙ ለምን እንደሆነ ይገባል። የማንም ስጦታ «እንደዚሁም» ተብሎ አልታለፈም።

አንባቢ ላይ ጊዜ አጥፉ። ይህን በጣም አጥብቄ እለምንሻለሁ። «እስቲ አንተ አንብብልን» ብሎ ድንገት ሰው ማስነሣት ይቅር። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። ዘሌዋውያን ላይ «ይበላል» የሚለው ደጋግሞ ይመጣል። «በ» ላልቶ ከተነበበ ሰውየው በላ፣ ጠብቆ ከተነበበ መሥዋዕቱ ተበላ። ያልተዘጋጀ አንባቢ እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ሰሚውም ይደናበራል። ስለዚህ አንባቢው ክፍሉን ከሳምንት በፊት ይወቅ። ቤቱ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ያንብበው። ስሞቹን ይለማመድ። በነህምያ 8 ዕዝራ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆመ፣ በግራና በቀኙም 13 ሰዎች ቆሙ። ነገሩን እንዲህ አክብደው ነበር የያዙት። ወጣቶችንም ከዚህ አታርቂ። ድምፅ ማጉያ ለመዝሙር ብቻ የጨበጠ ወጣት ቃሉን ለማንበብ ሲጨብጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደግ መንቀጥቀጥ ነው።

ትርጉምን በተመለከተ ከመድረክ የሚነበበው አንድ ይሁን። አምስት ዓይነት ትርጉም በአንድ ጊዜ ሲከፈት ሰው ማዳመጡን ትቶ ማወዳደር ይጀምራል። እኔ ለታሪኩና ለመዝሙሩ የ1954ቱን እመርጣለሁ፣ የአረጋውያኑ ጆሮ እሱን ያውቀዋል። ለጳውሎስ መልእክታት ግን ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮቹ ሲሰሙ ስለሚጠፉ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይሻላል። እዚህ ላይ ሌላ ሐሳብ ያላቸው አገልጋዮች አሉ፣ አልጣላም።

በሳምንቱ መሐል ላለው ንባብ ቴሌግራም ተጠቀሙ። ጽሑፍ ሳይሆን ድምፅ። በየሳምንቱ አንድ ቤተሰብ የዕለቱን ሁለት ምዕራፍ በስልክ እየቀዳ ይላክ። በባለሙያ የተቀዳ አለ፣ አውቃለሁ። ግን የጎረቤትን ድምፅ መስማት ሌላ ነው። ከጀርባ ዶሮ ሲጮኽ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ታክሲ ውስጥ ያለውም፣ ወጥ የምትሠራዋም፣ ማንበብ የማይችሉትም እኩል ይሰሙታል።

ያመለጠውስ? አንድ ደንብ ብቻ አውጡ። ያመለጠህን ተወው፣ ከዛሬው ጋር ቀጥል። ዕዳ አይቆጠርም። ማንም «የት ደረስክ?» ተብሎ አይጠየቅ። በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ሮበርት መሪ ማክቼይን የሚባል ወጣት መጋቢ ነበር። በ1842 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ለምእመናኑ የአንድ ዓመት የንባብ መርሐ ግብር አዘጋጀ። ዛሬም ድረስ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሰውየውን የማከብረው ግን ከመርሐ ግብሩ ጋር አደጋዎቹንም ስለጻፈ ነው። ንባቡ ልማድ ብቻ እንዳይሆን፣ የጨረሰ ሰው ራሱን ጻድቅ አድርጎ እንዳያይ፣ ለመጨረስ ተብሎ በጥድፊያ እንዳይነበብ፣ ለአንዳንዱም የማይቻል ቀንበር እንዳይሆንበት አስጠነቀቀ። የንባቡ ዓመት ሦስት ወር ሳይሞላው ሞተ። ዕድሜው 29 ነበር። ምእመናኑ ንባቡን ሲጀምሩ አብሯቸው ነበር፣ ሲጨርሱ ግን አልነበረም።

ሳላነሣው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። መሳፍንት 19ና 2ኛ ሳሙኤል 13 ላይ ትደርሳላችሁ። ሴቶች ላይ ግፍ የተፈጸመባቸው ምዕራፎች ናቸው። በጉባኤያችሁ ውስጥ ይህን በሕይወቷ ያለፈች እህት ልትኖር ትችላለች። ከሳምንት በፊት ንገሯቸው። ሕፃናቱ በዚያ እሑድ ክፍላቸው ይቆዩ። መነጋገር ለምትፈልግ እህት የምታዳምጣት አንዲት የታመነች እናት ትመደብ። ምዕራፎቹን ግን አትዝለሏቸው። የ2ኛ ሳሙኤል 13ቷ ትዕማር «ዝም በይ» ተብላለች፣ ጽሑፉ ግን ለቅሶዋን ጽፎላታል። ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት።

ከንባብ በኋላ አንድ ደቂቃ ዝምታ ይሁን። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ምን ሰማችሁ? ምን አልገባችሁም? ማብራሪያ የሚሰጠው ሰው አምስት ደቂቃ አይለፍ። የሚያስረዝም ወንድም በየአጥቢያው አለ። ፍቅር ባለው መንገድ አስቀድማችሁ ንገሩት። በነህምያ 8 ሌዋውያኑ ሕዝቡ በያለበት ሆኖ እንዲያስተውል ያደርጉ ነበር። ሕዝቡም ሲገባው አለቀሰ። ያን ጊዜ ሂዱ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩንም ጠጡ፣ ላልተዘጋጀላቸውም ላኩ ተባሉ። እናንተም አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ስትጨርሱ፣ 187 ምዕራፍ ማለት ነው፣ ማዕድ አቅርቡ። አይሁድ በየዓመቱ የዘዳግምን መጨረሻ አንብበው በዚያው ቀን ዘፍጥረት 1ን ይጀምራሉ። ይጨፍሩበታልም።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንት አንባቢ ምረጪ። ለእያንዳንዱ ከማርቆስ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ስጪ። ነሐሴ ውስጥ ይያዙት፣ ጳጉሜን ላይ አንዴ አብራችሁ ተለማመዱ። የእናቶቹን ወንበር ከፊት አድርጉት። አንዳንዶቹ ጆሯቸው ከብዷል፣ አንባቢው ፊታቸው ይቁም።